ቅጂው ተጠናቋል

ቱርኩ፣ ኤፕሪል 11

ወንድሜ ኦስሞ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉሮሮህስ ተሻለህ? መቼም «ደህና ነኝ» ብለህ ነው የጻፍከው፤ ይሁን፣ ደህና ሁንልኝ። እኔም ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል።

ስልክህን አጥፍተህ፣ «ኮምፒውተር የሚባል ነገር ዳግም አልከፍትም» ብለህ ስትዘጋ ጊዜ ብዕር ፍለጋ ቤቱን ገለባበጥኩት። የእጅ ጽሕፈቴ እንደምታየው ዶሮ የጫረው ነው፤ ታገሰኝ። ቶሎ ባለመመለሴም ይቅር በለኝ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ቆይቷል፤ ምን ብዬ እንደምጽፍ ጨንቆኝ በቦርሳዬ ይዤው ስዞር ነበር።

የጠየቅከኝን ልመልስ። አዎ፣ ያ በየማለዳው ስልክህ ላይ የሚመጣው መልእክት የእኛው ነው። አንተ የምትጠብቀው የመንደሩ የድምፅ ማኅደር የሚሠራበት ዳታቤዝ የኛ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው፤ ዳታቤዙ የሚናገራትን እያንዳንዷን ዓረፍተ ነገር የሚያርመው ደግሞ እኔ ያለሁበት ክፍል ነው። ያው አንተ «እህቴ ለማሽን ይቅርታ እየጻፈች ትበላለች» እያልክ ስትስቅብኝ የኖርክበት ሥራ።

ሁለተኛው ጥያቄህ፦ «ያልተነበቡ ገጾች ታልፈዋል» ማለት ዲስኩ ላይ የተበላሸ ቦታ ነበረ ማለት ነው። መጠባበቂያ ቅጂ የሚሠራው ፕሮግራም እዚያ ሲደርስ ማንበብ ያቅተዋል፤ ሲያቅተው ዘሎት ይሄዳል። በየማለዳው ዘለለው። አሁን ዲስኩ ሞተ፤ በእጃችሁ የቀረው ቅጂ ውስጥ ያ ቦታ የለም።

ሦስተኛውን ጥያቄህን፣ «ጨርሶ ጠፋ ወይ?» ያልከውን፣ አልመልስም፤ ገና ተስፋ አልቆረጥኩማ። የሥራ ባልደረባዬ ኢልፖ፣ የደንበኞችን ስልክ የሚያነሳው ረዥሙ ሰውዬ፣ ዲስኩን ታምፔሬ ላሉ ባለሙያዎች ልኮልሃል። ከተቃጠለ ቤት የወጣ ዲስክ ሳይቀር አንብበው ያውቃሉ ይባላል። እስከዚያው አንድ ነገር ንገረኝ፤ የተዘለለው ቦታ ላይ የነበረው ምንድን ነው? ባለሙያዎቹ ምን እንደሚፈልጉ ማወቅ አለባቸው።

እህትህ ሄልካ


ኬሚያርቪ፣ ኤፕሪል 20

እታለም፣

እኔ ደህና ነኝ። በረዶው ገና አልቀለጠም።

ምን ነበረ ትይኛለሽ? ሳኔልማ ነበረቻ! ሚስቴ ነበረች።

ግድቡ የዋጣቸውን መንደሮች ሰዎች በየቤታቸው እየዞረች ስትቀዳ የከረመችው ለማን መሰለሽ? አሁን ውሃ ሥር ያለ ቤት በሩ በየት በኩል እንደሚከፈት፣ የማን ላም የማንን አጃ እንደበላች፣ ሁሉንም አስወርታቸዋለች። የሽማግሌዎቹ ድምፅ አብዛኛው ተርፏል። የመንደሩ ማኅበር ደስ ይበለው። የጠፋው እሷ ታምማ ቤት ከዋለች በኋላ የቀዳችው ነው። ከነዚያ ውስጥ አንዷ «ለኦስሞ» የሚል ስም ነበራት።

አላዳመጥኳትም። «ስትችል ትሰማታለህ» አለችኝ፤ ከሞተች ስድስት ዓመት ሙሉ አልቻልኩም። አትቆጪኝ፤ ራሴን ስቆጣ ነው የምውለው። እዚያ መኖሯን ማወቁ ብቻ ይበቃኝ ነበር። ማኅደሩን ስጠብቅ የኖርኩት ለሷ ብዬ ነው እንጂ የመንደር ወሬ አሳስቦኝ አይደለም።

በየማለዳው ስነሳ ስልኬ ላይ «ቅጂው ተጠናቋል» ይለኛል። ተጠናቋል! ተጠናቋል ከተባለ ሰው ምን ቀረው ብሎ ይፈልጋል? ምድጃዬን ላነድ እሄዳለሁ። ከነጥቡ በኋላ በትንንሽ ፊደል ስለ ገጽ ምናምን የሚለውን አይቼዋለሁ፣ አዎ። ገጽ የመጽሐፍ ነው ብዬ ነው የማውቀው። እኔ የእንጨት ሠራተኛ ነበርኩ እኮ ሄልካ፣ ማኅደሩን የያዝኩት ሌላ ሰው ስለጠፋ ነው።

ደግሞ ድሮ እንዲህ አልነበረም። ይህን በደንብ አስታውሳለሁ። ድሮ ቅንጣት ብትጎድል «ቅጂው አልተሳካም» እያለ ይጮህ ነበር፤ ስልኩ ቤቱን ያናጋው ነበር። እንደዚያ እየጮኸ ቢሆን ኖሮ ዲስኩን ያኔውኑ ቀይሬው ነበር። ማነው አፉን ያስያዘው? ሌላ ምንም አልጠይቅሽም። ስሙን ብቻ ንገሪኝ።

ኦስሞ


ቱርኩ፣ ሜይ 4

ኦስሞዬ፣

ደብዳቤህን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት። ሳኔልማ ስለቀዳችልህ ድምፅ አልነገርከኝም ነበር። ለምን አልነገርከኝም? እሺ፣ እሺ፣ አልቆጣህም። ስሟን ለታምፔሬዎቹ ጽፌላቸዋለሁ፤ ከሁሉ አስቀድመው እሷን እንዲፈልጉ ለመንኳቸው።

ከጮኸው ወደ ዝምተኛው ለምን እንደተቀየረ ጠይቀኸኛል። የኛን ሰው ታውቀው የለም? ጣሪያው እየነደደ «ዛሬ ትንሽ ሞቅ ብሏል» የሚል ሕዝብ ነው። ማሽን ሲጮህበት ይሸማቀቃል፤ ጎረቤት ምን ይለኛል ይላል። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ሁላችንም የምንሠራበት ሕግ አለ፤ «የተሳካውን አስቀድም፣ ሰው አታስደንግጥ» ይላል። በዚህ ሕግ ምክንያት እኔ ራሴ ስንቱን «ጠፋ» ወደ «አልተገኘም»፣ ስንቱን «ተበላሸ» ወደ «ሊነበብ አልቻለም» እንደቀየርኩ ብነግርህ ታዝንብኛለህ። ያን ሕግ ማን እንዳመጣው ግን አላውቅም። ኢልፖ የቆየ ሰው ነው፤ እጠይቀዋለሁ።

እኔ ብቻዬን ብተው የምጽፈው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያው መስመር ላይ ያልሆነውን ነገር፣ ቀጥሎ ለምን እንዳልሆነ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንባቢው አሁን ምን ያድርግ የሚለውን። ሌላ ጥበብ የለውም። ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ ይህንኑ ነው የማስተምረው፤ እነሱም አዎ አዎ ብለው ሄደው ያንኑ ድርቆሽ ይጽፋሉ።

ባንተ የደረሰውን ሰምቶ አለቃችን «የቅጂውን መልእክት እንደገና ጻፉት» ብሎናል። ስለዚህ ልለምንህ። በዚያን ጊዜ ምን ቢልህ ነበር ከምድጃው ዘወር የምትለው? አንተ ንገረኝ። ሰዎቹ ካንተ አፍ ይስሙት።

አጃ ዳቦና የቱርኩ ሰናፍጭ ልኬልሃለሁ። ብላ። ዳቦውን ለአሳ አትጣለው፣ አውቅሃለሁ።

ሄልካ


ኬሚያርቪ፣ ሜይ 19

እታለም፣

ደህና ነኝ። ዳቦው ደርሷል፤ በልቼዋለሁ። ሰናፍጩን ጎረቤቴ ካሌርቮ ወሰደው። የአደን ጠመንጃዬንም «ልወልውልህ» ብሎ ወስዶ ይኸው ስንት ጊዜው፣ አልመለሰም። በዚህ ወቅት ማን ያድናል? ጅል መስዬው ነው።

አጻጻፍ አምጣ ብለሽኝ የለ፣ አመጣሁልሽ። የመጀመሪያው ይሄ ነው፦ «ኦስሞ፣ አንተ ደደብ፣ ተነስ።» አጭር ነው፣ ግልጽ ነው፣ ምን ይደረግም ይላል። አለቃሽ ይወደዋል።

ከምሬ ስጽፍ ደግሞ እንዲህ ነው። «ቅጂው አልተጠናቀቀም።» ይሄ ይቅደም። ቀጥሎ «ያልተቀዱት እነዚህ ናቸው» ይበልና በስማቸው ይጥራቸው። ገጽ፣ ቁጥር፣ ምናምን አልፈልግም። ሳኔልማ ቁጥር አልነበራትም። «ለኦስሞ» የሚል አንድ ጊዜ ቢጽፍልኝ ኖሮ በባዶ እግሬ በረዶ ላይ ሮጬ ነበር የምሄደው። መጨረሻ ላይ «ይህን ዲስክ ዛሬውኑ ቀይሩ» ይበል። እባክዎን አያስፈልግም። ማሽን «እባክዎን» ሲለኝ ነገሩ ቢቆይም የሚደርስ ይመስለኛል።

ያን ስም አልነገርሽኝም። ቀኑን ሙሉ የማስበው እሱን ነው። መጋዝ ይዤ ቆሜ አስባለሁ። ከሰውየው ምንም አልፈልግም፣ አልከሰውም፣ አልሰድበውም። ማወቅ የምፈልገው እኔ አለመሆኔን ነው። ሌላ ሰው አጥፍቶት ከሆነ እችለዋለሁ። እኔ ያልነካሁት፣ እኔ ያልከፈትኩት፣ እኔ ያልዘጋሁት ነገር እንደሌለ እያገላበጥኩ ሳስብ ደግሞ አልችለውም።

የሐይቁ በረዶ እየተሰነጠቀ ነው። ድምፁ ይሰማል።

ኦስሞ


ቱርኩ፣ ሜይ 30

ወንድም ዓለም፣

መጥፎውን ላስቀድም፤ አንተው አስተምረኸኛል። ታምፔሬዎቹ አልቻሉም። ዲስኩ ውስጥ ያ ቦታ ተፍቋል፤ የሚነበብ ነገር የለም። ሁለት ጊዜ ሞከሩ። «ለኦስሞ»ን አላገኟትም። አታገኛትም፣ ኦስሞዬ።

የጻፍከውን ለአለቃችን አነበብኩለት። «ደደብ» የሚለውን ዘልዬ። «እንዲሁ ይግባ» አለ፤ አንድ ቃል አልነኩበትም። በስም ይጠራ ያልከውን ፕሮግራመሮቹ መጀመሪያ «ያስቸግራል» ብለው ነበር፤ ኢልፖ ነው ጠረጴዛ የመታባቸው። ኢልፖ ጠረጴዛ ሲመታ አይቼው አላውቅም። ጁን ማብቂያ ላይ ያለው የበጋ እኩሌታ በዓል ሳይደርስ እናንተም ጋ ይገባል።

ስሙን... ኢልፖን ጠየቅኩት። ያወራነው በምሳ ሰዓት ወንዙ ዳር ነው። እንዴት እንደሆነ ነገረኝ። የቆየ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው አዝኖ፣ ብዙ ሰው ተስማምቶ የሆነ ነገር ነው። ክፉ ያሰበ የለም። እንዲህ ያለ ነገር ስም የለውም። ተወው፣ በናትህ ተወው። ሽንኩርቱን ተክለሃል? ጣሪያው ያፈስ ነበር፣ ካሌርቮ ረዳህ? ጁላይ ላይ ዕረፍት እወጣለሁ፤ ልምጣ ወይ?

ሄልካህ


ኬሚያርቪ፣ ጁን 8

ሄልካ፣

ደህና ነኝ። አትምጪ።

ስም የለውም? ዕድሜሽን ሙሉ «ማን ምን አደረገ፣ መቼ አደረገ፣ ግልጽ አድርጉ» እያልሽ ሰው ስታስተምሪ ኖረሽ፣ ለወንድምሽ ሲሆን ስም የለውም? ስለ ሽንኩርት ትጠይቂኛለሽ! ስትደብቂ ስለ አትክልት ማውራት ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ነው። አባባ የሞተ ዕለትም ስለ ድንች ነበር ያወራሽኝ።

አንድን ሰው እንዲህ የምትሸፍኝው ሁለት ሰው ብቻ ቢሆን ነው። ወይ አንቺ ነሽ፣ ወይ እኔ ነኝ።

እኔ ከሆንኩ ካሌርቮ ጠመንጃ መውሰዱ አይጠቅመውም። ሐይቁ በረዶውን ጥሏል።

ጻፊልኝ።

ኦስሞ


ቱርኩ፣ ጁን 12

ኦስሞ፣

እኔ ነኝ።

ሌላ ሰው አትፈልግ። ሳኔልማ ባረፈችበት ክረምት፣ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ፣ ቱርኩ ቢሮአችን ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ ያለው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ «አልተሳካም» የሚለውን ሰርዤ «ተጠናቋል» ብዬ ጻፍኩ። ደወሉንም ያስጠፋሁት እኔ ነኝ። ያዘዘኝ የለም። ሰው ማስደንገጥ ስለማልወድ ነው ያደረግኩት። ሰነፍ ነኝ፣ ፈሪ ነኝ፣ የፈለግከውን በለኝ። እስካሁን የደበቅኩህ ስላፈርኩ ነው።

አንተ ምንም አላደረግክም። ይህን ደግመህ አንብበው። አንተ ምንም አላደረግክም።

ጥላኝ፤ መብትህ ነው። ደብዳቤዬን ሳትከፍት እሳት ውስጥ ጨምረው። ብቻ ከሐይቁ ራቅልኝ። ሌላ የምለምንህ የለኝም።

ሄልካ


ኬሚያርቪ፣ ጁን 26

እታለም፣

ደህና አይደለሁም።

ይሄ ይቅደም። እስከ ዛሬ በየደብዳቤው አናት ላይ «ደህና ነኝ» እያልኩ ስጽፍልሽ ከማሽንሽ በምን ተሻልኩ?

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። ጠላሁሽ። እንዴት ያለ ጥላቻ መሰለሽ! በላሁ፣ ተኛሁ፣ ጣሪያውን ጠገንኩ፣ ለበዓሉ ሳውና አሞቅኩ። እንጨት እየጨመርኩ በልቤ ስሰድብሽ ነበር። «ይቺ ሴትዮ በዚያ ክረምት መስኮቷ አጠገብ ተቀምጣ» እያልኩ።

በዚያ ክረምት። ከዚያ ክረምት የማስታውሰው የለኝም ብዬ ነው የምኖረው። አንድ ነገር ግን አለኝ፤ አንቺ ነሽ። የሳኔልማን ሽርጥ አስረሽ፣ ግራጫ የሱፍ ካልሲሽን አድርገሽ፣ ምድጃዬ ላይ ትንንሽ አሳ ትጠብሻለሽ። እሷ መብላት አቁማ ነበር፤ «ሽታው ይበቃኛል» አለችሽ። ፌብሩዋሪን ሙሉ ከኛ ጋር ነበርሽ፣ ሄልካ። ያን ጊዜ የቱርኩ ጠረጴዛሽ ባዶ ነበር። አይ አንቺ! ውሸት ስትጽፊ እንኳ ቦታና ጊዜ ሳታስገቢ አይሆንልሽም።

እሱን ሳስታውስ ሌላው ተከትሎ መጣ። ሕመሙ ለቀቅ አድርጓት እንቅልፍ የሚወስዳት ወደ ማለዳ ነበር። ያኔ ስልኩ ይጮሃል። ትደነግጣለች፤ ስትደነግጥ ሕመሙ ይነሳል፤ ቀኑን ሙሉ አይተዋትም። ስልኩን መዝጋት አልችልም፤ ሐኪሟ የሚደውለው በሱ ነው። አንድ ቀን ካፖርት ሳልደርብ ወጥቼ፣ ሳውናው ግድግዳ ሥር በረዶ ውስጥ ቆሜ፣ እናንተ ጋ ደወልኩ። አንድ ወንድ አነሳ። ኢልፖ ነው አይደል? «እባክህ ወንድሜ፣ አይጩህ» አልኩት። «መጀመሪያ ያለቀውን ይንገረኝ፣ ሌላውን ቀስ ብሎ ይበል። ሚስቴ ተኝታለች።» አለቀስኩ መሰለኝ። «አደርገዋለሁ» አለኝ። አደረገው።

የጠየቅኩሽ ስም የኔው ነበር። ይሄንን ነው የሸፈንሽልኝ።

ሐይቁ ዳር ሄድኩ፤ አልደብቅሽም። ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ብዙ ቆየሁ። እዚያ ሆኜ የሚቀጥለው ቀን ትዝ አለኝ፤ ስልኩ ያልጮኸበት። ፀሐይ አልጋዋ ላይ እስክትደርስ ተኛች። አንቺ ከማድቤት ብቅ ብለሽ በምልክት «ተኝታለች?» አልሽኝ፤ ራሴን ነቀነቅኩልሽ። ዛሬ ያው ስልክ ቢጮህ ዛሬም ወጥቼ ያንኑ እለምናለሁ። የሚገድለኝም እሱ ነው። ድምፅዋን የሸጥኩት በእንቅልፍዋ ነው፤ ዋጋውን ሳላውቅ። ባውቅ ምን አደርግ እንደነበር ዛሬም አላውቅም።

አዲሱ መልእክታችሁ ገብቷል። ማኅደሩ ቤት ሄጄ ስክሪኑን ከፈትኩ። ስሟ ከማውጫው ላይ አልተፋቀም ነበር፤ ስሙ አለ፣ ድምፁ የለም። ማሽኑ እንዲህ አለ፦ «ቅጂው አልተጠናቀቀም። ያልተቀዱት እነዚህ ናቸው፦ ለኦስሞ።» እኔ የጻፍኩት ነው፣ ቃል በቃል። ከሥሩ «ይህ የሌለ ከሆነ ከማውጫው ይሰርዙት» የሚል ጨምራችኋል። አልሰረዝኩትም። በየማለዳው ይንገረኝ።

ካሌርቮ ትናንት ጠመንጃውን ይዞ መጣ። «ተወልውሏል» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። «አንተው ጋ ይቆይ» አልኩት። ይዞት ተመለሰ።

መጀመሪያው መስመር ላይ ያልሆነውን፣ ቀጥሎ ምክንያቱን፣ መጨረሻ ላይ ምን ይደረግ የሚለውን ብለሽኝ ነበር።

ነይ።

ኦስሞ